ቀትር ላይ የምሽት ጥላ

መብራቱን አጥፉት። የመኪናውንም አጥፉ፤ ባትሪው ቢያልቅ እዚህ በረሃ ላይ ማን ይገፋላችኋል? እንዲህ ጠጋ ጠጋ በሉ። ነገ ጎህ ሲቀድ ወደ ጨው ሐይቁ ልትነዱ ነው፤ ካርታ ዘርግታችሁ ስትከራከሩ አመሻችሁ። ደግ አደረጋችሁ። እኔ ደግሞ ካርታው የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። ከእንቅልፍ የሚበልጥ ታሪክ ነው። ይህን ሰምቶ "ምነው በተኛሁ" ያለ ሰው አልገጠመኝም። "ምነው ባልሰማሁ" ያለ ግን አለ።

መንፈስ የሚወጣው በጨለማ ብቻ ነው ያላችሁ ማነው? "በቀትር ዛፍ ሥር አትቀመጥ" ሲባል አልሰማችሁም? ጨለማማ ምን አለው፤ ጨለማ ውስጥ ያላየኸውን ትፈራለህ። የቀትሩ የሚከፋው አጥርተህ ስለምታየው ነው።

እንግዲህ ስሙ። ድሮ ነው። ስልክ ከተማ እንጂ በረሃ የማይደርስበት ዘመን። ሰዓቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት። መንገዱ፣ አሁን እናንተ የመጣችሁበት ይሄው መንገድ። ያኔ መንገድም አይባልም፤ የግመልና የጎማ ዱካ ነበር። ግራው ድንጋይ፣ ቀኙ አሸዋ፣ መሐሉ አቧራ። በዚያ ጎህ አንዲት አሮጌ ፒክ አፕ እያቃሰተች መጣች። መሪውን የያዘው ገረመው የሚባል የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ከጎኑ ባለቤቱ አመለወርቅ አለች።

መምህር ገረመው የዕቅድ ሰው ነው። እንዴት ያለ ዕቅድ መሰላችሁ! ለዚህ ጉዞ ስድስት ወር አሰበ። በደብተሩ ላይ ሁሉን ጻፈ። በስንት ሰዓት መነሳት፣ በስንት ሰዓት የጥንቱን የድንጋይ መቃብር ማየት፣ በስንት ሰዓት ፍል ውሃው ጋ መድረስ፣ ስንት ሊትር ናፍጣ፣ ስንት ስኮርታ ጎማ። አሸዋ ላይ የጎማ ንፋስ መቀነስ እንዳለበት እንኳ ያውቅ ነበር። ለምን እንደሚቀነስ ታውቃላችሁ? ጎማው ሲላላ መሬት የሚነካው ይሰፋል፤ ሲሰፋ አይሰምጥም። የግመል ኮቴ እኮ ሰፊ የሆነው ለዚሁ ነው። ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። የመጨረሻው መስመር ላይ ደግሞ እንዲህ ተጽፏል፦ "ጨው ሐይቅ፣ ጀንበር ስትጠልቅ።" ለአመለወርቅ የገባላት ቃል ነው። አባቷ የጨው ጭነት መኪና ሾፌር ነበሩና ያችን ጀንበር እያወሩላት ነው ያደገችው።

ታዲያ መንገዱ ዳር አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። ጣሪያዋ ሰሌን፣ ወንበሯ ድንጋይ። ባለቤቱ ሁመድ የሚባል አፋር ሽማግሌ ነው። ሁመድ የሚያልፍ መኪና ሁሉ እየተነሳ ያስቆማል። ሻይ ሊሸጥ ነው? አይደለም። ዳጉ ሊጠይቅ ነው።

ዳጉን የማታውቁ አላችሁ? በዚህ አገር ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ከተገናኙ ዝም ብሎ መተላለፍ የለም። ይቀመጣሉ። አንዱ ያየውንና የሰማውን ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል፤ ከዚያ ተራው ይዞራል። የት ዘነበ? የቱ ጉድጓድ ደረቀ? ማን ሞተ? ማን ወለደ? መዋሸት ነውር ነው። ሳይናገሩ ማለፍም ነውር ነው። ምክንያቱም እዚህ ወሬ ማለት ውሃ ማለት ነው። ወሬ ያልደረሰው ሰው ይሞታል።

ሁመድ መስኮቱ ላይ ተደገፈ።

"ውረዱ። ተቀመጡ። ዳጉ ምን አለ?"

"አባቴ፣ ሰዓት የለንም" አለ ገረመው።

"ሰዓቱን እዚያ እጅህ ላይ አየዋለሁ እኮ! እንዴት የለህም?"

አመለወርቅ ሳቀች። ገረመው አልሳቀም።

"ወዴት ነህ?"

"ወደ ሐይቁ። በጉድጓዱ በኩል።"

የሁመድ ፊት ተለወጠ። "በጉድጓዱ? በየትኛው? ውረድ፣ የሱን ነገር ልንገርህ። መጀመሪያ ግን ያንተን..."

"ካርታው ላይ አለኝ፣ አባቴ። ስንመለስ እንጨዋወታለን።" ማርሽ አስገባ።

"መምህር! ካርታህ ከማን ጋር ተቀምጦ ነው ዳጉ የተቀበለው?" ሲል ጮኸ ሁመድ። ሌላም ነገር ጨመረ፤ ሞተሩ ዋጠው። አመለወርቅ ከኋላ የሰማችው የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነው። "...ቁም!"

"ቁም እያለህ ነው" አለችው።

"እኔን ነው እንዴ? ከአሁኑ ስምንት ደቂቃ ከዕቅዱ ወጥተናል።"

ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው የመጀመሪያው። ሜዳው ላይ አንዲት ብቸኛ ግራር አለች። ከሥሯ አንድ ሰው ቆሟል። ሽርጥ ለብሷል። ዱላውን በትከሻው ላይ አጋድሟል። መኪናዋ ስትቀርብ እጁን አነሳ። እንደሚለምን ሰው አይደለም፤ ቀጥ አድርጎ። እጁን አነሳ፣ መኪናዋ አለፈች።

"ምናለ ብታቆምለት!" አለች አመለወርቅ።

"ቦታ የለም። ኋላው ጀሪካን ነው።"

እውነት ነው፣ ኋላው ጀሪካን ነበር። ስድስት ጀሪካን። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁለተኛው። ሃያ ኪሎ ሜትር ነድተዋል። ግራር የለም፣ ቁጥቋጦም የለም። አንድ ሰው ቆሟል። ሽርጥ ለብሷል። ዱላውን በትከሻው አጋድሟል። እጁን አነሳ፣ መኪናዋ አለፈች።

"ገረመው..."

"አየሁት። የአገሩ ልብስ ነው፣ ሁሉም እንዲሁ ነው የሚለብሱት።"

ግን አንድ ነገር እንደ እሾህ ወጋው። የጂኦግራፊ መምህር ነው። ፀሐይ በጠዋት በምሥራቅ ስትሆን ጥላ የሚወድቀው ወደ ምዕራብ ነው፤ ልጅም ያውቀዋል። የመኪናዋ ጥላ በግራ በኩል ወደ ምዕራብ ይሮጣል። የድንጋዩም ወደ ምዕራብ። የሰውየው ጥላ ግን ወደ ምሥራቅ ተጋድሞ ነበር። ረጅም ነበር፤ ጀንበር ልትገባ ስትል እንደሚሆነው ረጅም።

ለሚስቱ ነገራት? አልነገራትም። መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

ሦስተኛው አምስት ሰዓት ላይ ነው። አሁን ዳር ላይ አይደለም፤ ዱካው መሐል ነው የቆመው። ገረመው መሪውን ጠመዘዘ፣ ድንጋይ ላይ ወጣ፣ መኪናዋ ነጥራ ወረደች። በጎኑ ሲያልፍ ፊቱን አየው። ከንፈሩ እንደ ደረቀ ኩሬ ተሰነጣጥቋል። ዓይኑ አይርገበገብም። አቧራው በላዩ አያርፍም። እጁን አነሳ፣ መኪናዋ አለፈች።

"ሰው አይደለም" አለች አመለወርቅ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ።

"ሙቀት ነው። ሙቅ አየር ብርሃን ያጣምማል፤ የሌለ ውሃ ያሳያል፣ የሌለ..."

"ለሁለታችንም አንድ ዓይነት ሰው ያሳያል?"

ያ መንጠር ደግሞ የራሱን ሥራ ሠርቶ ነበር። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ፉ... ብሎ ወጣ። የራዲያተሩ ቱቦ ተቀዷል። እየቆሙ ውሃ እየጨመሩ፣ እየቆሙ እየጨመሩ አንዱን ጀሪካን ጨረሱ። ሁለተኛው ከስኮርታው ጋር ሲፋተግ ኖሮ ተሰንጥቆ አገኙት፤ ባዶ።

"አይዞሽ፣ ጉድጓዱ ደርሷል" አለ ገረመው።

ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ጉድጓዱ አጠገብ ደረሱ። የመኪናዋ ሞተር ጠፋ። ገረመው ገመድና ባልዲ ይዞ ሮጠ። ባልዲውን ጣለ።

ምን ሰማ? ቧ የሚል የውሃ ድምፅ? የለም። ቋ።

ጎንበስ ብሎ አየ። አሸዋ። ድንጋይ። የግመል አጥንት። ጉድጓዱ ከሞተ ስንት ዘመኑ!

"እሺ፣ አራት ጀሪካን አለን" አለች አመለወርቅ። ሄዳ አንዱን ልታወርድ ያዘችው። በአንድ እጇ ተነሳላት። ሁለተኛውን፤ እሱም። ሦስተኛውን። አራተኛውን። እንደ ከበሮ ባዶ።

ዞራ አየችው።

"ስድስት ሙሉ ጀሪካን ነው ያልከኝ።"

"እንዳይከብድ ብዬ... እዚህ ስንደርስ ልንሞላ ነበር። ደብተሩ ላይ..."

"ገሬ፣ ይሄን ጉድጓድ ያየ ሰው ጠይቀህ ነበር?"

አልጮኸችበትም። ይሄ ነው የከፋው። የመኪናዋ ጥላ ውስጥ ገብታ ተቀመጠችና ዓይኗን ጨፈነች። እጃቸው ላይ የቀረው አንድ ኮዳ ውሃ ነው። ሻይ ቤቷ በመቶ አሥር ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ቀርታለች። በዚያ ሐሩር አንድ ሰው በኮዳ ውሃ ስንት ሰዓት ይቆያል? ገረመው ስሌቱን ያውቀዋል። በአእምሮው ሠራው። ደገመው። ያው ነው።

ቀና አለ። ጉድጓዱ አፍ ላይ፣ ፊት ለፊቱ፣ ሰውየው ተቀምጧል።

ቀትር ነበር። ፀሐይ አናት ላይ ናት። የመኪናዋ ጥላ ከሆዷ ሥር ተሸጉጧል። የሰውየው ጥላ ግን ወደ ምሥራቅ ተዘርግቶ፣ ተዘርግቶ፣ የገረመውን ጫማ ነካ። የነካው ቦታ ቀዘቀዘው።

"ዳጉ" አለ ሰውየው። ድምፁ ከአሸዋ ሥር የሚወጣ ይመስላል።

ገረመው ሊሸሽ አሰበ። ወዴት? አራቱም ማዕዘን በረሃ ነው። ተቀመጠ።

"ሁሉ... ሁሉ ሰላም ነው" አለ።

ጥላው ከጫማው ወደ ጉልበቱ ወጣ።

"ዳጉ።"

"መንገደኞች ነን። ሐይቁን ልናይ... ትንሽ የመኪና ብልሽት..."

ጥላው ደረቱ ደረሰ። ትንፋሹ አጠረ። ከኋላው የአመለወርቅ ድምፅ መጣ፤ ዓይኗን ገልጣ ሁሉን ታያለች።

"እውነቱን ንገረው፣ ገሬ። በእናትህ፣ እውነቱን!"

ነገረው። ካርታው የአርባ ዓመት እንደሆነ ነገረው። ጉድጓዱ ይኑር አይኑር ሳያውቅ እንደነዳ። ውሃ ሞልቻለሁ ብሎ ሚስቱን እንደዋሸ። አንድ ሽማግሌ ሊነግሩት ሲሉ ጥሎ እንደሄደ። "አንተንም አይቼሃለሁ" አለ። "ሦስቴ እጅህን አነሳህ። ሦስቴ አየሁህ፣ ሦስቴ አለፍኩህ። ዳጉዬ ይሄው ነው። ሌላ የለኝም።"

ጥላው ወረደ። ከደረቱ፣ ከጉልበቱ፣ ከጫማው ወረደ።

"አሁን የኔን ስማ" አለ ሰውየው። "ያዮ እባላለሁ። ጎሳዬ ውሃ ፈልገህ ና ብሎ ላከኝ። ይሄ ጉድጓድ መሞቱን አየሁ። ሌላ አገኘሁ። ሁለት ኮረብታ ወደ ግራ፣ ግመል የተንበረከከ የሚመስል ጥቁር ድንጋይ አለ። ከሥሩ አንድ ክንድ ቆፍር። ልናገር ወደ መንገዱ ሄድኩ። እግሬ ከዳኝ። ግራሯ ሥር ቆሜ መኪና ጠበቅሁ። ጀንበር ስትገባ አንድ የጨው መኪና መጣ። እጄን አነሳሁ። አለፈ።"

እስትንፋስ የሚወስድ ይመስል ቆም አለ። እስትንፋስ ግን አልነበረውም።

"ዳጉዬ አፌ ውስጥ ቀረ። አሁን አንተ ጋ ነው። አድርስ። ለወንድሜ ለሁመድ።"

ገረመው ዓይኑን እርግብ አደረገ። ሲገልጥ ጉድጓዱ አፍ ላይ ማንም የለም።

ሁለት ኮረብታ ወደ ግራ ሄዱ። ጥቁሩ ድንጋይ፣ የተንበረከከ ግመል ይመስላል። አንድ ክንድ ቆፈሩ። አሸዋው ረጠበ። ከዚያ ጠቆረ። ከዚያ ውሃ። ተንበርክከው ጠጡ፣ አለቀሱ፣ ደግመው ጠጡ። ያልተሰነጠቁትን ጀሪካኖች ሁሉ ሞሉ። የተቀደደውን ቱቦ ገረመው በውስጥ ጎማ ቁራጭ ጠቅልሎ በሽቦ አሰረው። ይይዛል ወይ? በደንብ ይይዛል! ጎማ በጎማ ላይ ሲጠብቅ ይጣበቃል። እናንተም ቁራጭ ጎማ ያዙ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆነ። መኪናዋ ተነሳች። አሁን ገረመው ምን ያደረገ ይመስላችኋል?

ደብተሩን አወጣ።

አዎ! ሰው እንዲህ ነው። "ሐይቁ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነው" አለ። "ውሃ አለን። ጀንበሯን እንደርስባታለን። ዳጉውን በነጋታው በሌላ ሰው እንልካለን፤ መመለሻችን በዚያኛው መንገድ ነው፣ በሻይ ቤቱ አያልፍም።"

"በሌላ ሰው?" አለች አመለወርቅ።

"ይህን ያህል ዘመን የጠበቀ፣ ሁለት ቀን ቢጨምር..."

አልጨረሰም። መኪናዋ ከኋላ ቀስ ብላ ዝቅ አለች። ሰው ሲሳፈር እንደምትለው። ገረመው ስፖኪዮውን አየ።

ጀሪካኖቹ መሐል ተቀምጧል። ዱላው በትከሻው። ዓይኑ አይርገበገብም። እጁን አነሳ።

ገረመው መሪውን አዞረ። ወደ ሐይቁ ሳይሆን ወደ ኋላ። የታሰረው ቱቦ እንዳይፈታ በዝግታ ሌሊቱን ሙሉ ሲነዳ ስፖኪዮውን ዳግመኛ አላየም። መኪናዋ ግን ከባድ ነበረች። አመለወርቅ አንዴ ብቻ ዞር ሳትል "ያዮ፣ እየደረስን ነው" አለች። ግራሯን ሲያልፉ መኪናዋ ቀለለች።

ጎህ ሲቀድ ሻይ ቤቷ ጋ ደረሱ። ሁመድ እንደ ልማዱ ተነስቶ ነበር። ገረመው ሞተሩን አጠፋ። ወረደ። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። የእጅ ሰዓቱን ፈታና ኪሱ ውስጥ ከተተ።

"ዳጉ አለኝ" አለ።

ሁሉን ነገረው፤ የሚያሳፍረውንም ሳይዘል። ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ሲደርስ ሁመድ ትንፋሹን ያዘ፤ ያ ዓመት የድርቅ ዓመት ነበር፣ ከብቱ እየወደቀ ነበር። "ያዮ" የሚለው ስም ላይ ሲደርስ ዱላውን መሬት ላይ አጋደመ።

"ተራው የኔ ነው" አለ።

"ያንተ ነው፣ አባቴ።"

"ሠላሳ ሁለት ዓመት ሆነው። በዚያ የጨው መኪና ላይ ተሳፋሪ ነበርኩ። ጭነቱ ላይ ተቀምጬ። ጀንበር ልትገባ ነው፣ ግራር ሥር አንድ ሰው እጁን አነሳ። አቧራው ፊቱን ሸፈነብኝ፤ ማን እንደሆነ አላወቅሁም። ሾፌሩ ላያየው ይችላል። እኔ ግን አይቼዋለሁ። የጋቢናውን ጣሪያ በእጄ ሁለቴ ብመታ ይቆም ነበር። ሁለቴ! አልመታሁም። ቤቴ እስክደርስ ቸኩዬ ነበር።" እጁን አየው። "ከዚያ ቀን ወዲህ ያለፈኝ መኪና የለም። አስቆማለሁ፣ እጠይቃለሁ። ይሄን ዳጉ ለማንም ነግሬው አላውቅም። አንተ የመጀመሪያው ነህ።"

በዚያው ሳምንት ጎሳው ጥቁሩ ድንጋይ ሥር ውሃ አወጣ። ከብቱም ልጁም ተረፈ። ከግራሯ ሥር አሸዋው ሲቆፈር አጥንት ተገኘ፣ ዱላም ተገኘ። ቀበሩት፣ ድንጋይ ከመሩበት። ያዮን ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። ገረመውና አመለወርቅ ሐይቁን አዩ? አዩ፤ በዓመቱ ተመልሰው፣ ከሁመድ ጋር። አመለወርቅ ያችን ጀንበር አየች። አባቷ ከነገሯት ትበልጣለች አለች።

ሁመድ ካረፈ ዘንድሮ አራተኛ ዓመቱ ነው። ሻይ ቤቷም ፈርሳለች።

ታዲያ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ቅድም ሻንጣ ስታወርዱ ከመካከላችሁ አንዱ "ግራሯ ሥር የነበሩት ሽማግሌ ምን ፈልገው ነው እጃቸውን ያነሱት?" ሲል ሰምቻለሁ።

አቆማችሁላቸው?

አላቆማችሁም አይደል? በዚህ አርባ ኪሎ ሜትር ውስጥ ሰው የሚኖር ይመስላችኋል? አንተ፣ ወደ መኪናው አትይ። ኋላው ዝቅ ያለው ጭነት ስለበዛ ነው በል፣ ከቻልክ። ጭነቱን እኮ ሁሉንም አወረድን።

አትፍሩ! ጉዞውን ተዉት አላልኩም። ሂዱ እንጂ! የጥንቱን መቃብር እዩ፣ ፍል ውሃውን እዩ፣ ጀንበሯን ጨው ላይ ስትወድቅ እዩ፤ ይህን ሳያዩ መሞት ጉዳት ነው። አሸዋ ላይ የጎማውን ንፋስ ቀንሱ። ጀሪካኑን በእጃችሁ አንስታችሁ ሙሉ መሆኑን አረጋግጡ። የጉድጓዱን ነገር ካየው ሰው ጠይቁ። ነገ ጠዋት ግን መጀመሪያ ወደ ኋላ ንዱ፣ እስከ ግራሯ። ሞተሩን አጥፉ፣ ውረዱ፣ ተቀመጡ። ሞክሩት። እሳቸው ካረፉም በኋላ ሥራቸውን አልተዉም፤ ዳጉ ይጠይቋችኋል።

ምን እንደምትሏቸው ከአሁኑ አስቡ። "ሁሉ ሰላም ነው" ብላችሁ እንዳትጀምሩ።